ጂሜይል ወይስ ፕሮቶን? የደብዳቤያችሁ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን

ሀዋሳ ውስጥ በጥብቅና የምትሠራ ወዳጄ «ጂሜይሌን ዘግቼ ፕሮቶን ወደሚባለው የኢሜይል አገልግሎት ልዙር ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። የደንበኞቿ የፍቺ፣ የውርስና የብድር ክርክር ወረቀት ሁሉ ስካን ተደርጎ የተቀመጠው ኢንቦክሷ ውስጥ ነው። የሆነ ቦታ «ጎግል ደብዳቤያችሁን ያነባል» የሚል ነገር አይታ ልቧ አላርፍ ብሏታል። ይህንኑ ጥያቄ ከክሊኒክ ሠራተኛም፣ ከነጋዴም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚያዘጋጅ ተማሪም ሰምቼዋለሁ። በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ አሠራሩን የተረዳ ሰው ግን ለራሱ መመለስ አያቅተውም።

ኢሜይል ከእናንተ ስልክ ተነሥቶ በቀጥታ የተቀባዩ ስልክ ላይ አያርፍም። መጀመሪያ እናንተ የምትጠቀሙበት ድርጅት ሰርቨር (ደብዳቤውን የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር) ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ተቀባዩ ድርጅት ሰርቨር ይሻገራል፣ ሁለቱም ጋ ቅጂው ይቀራል። ኢሜይል የሚጓዝበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ምስጠራ፣ ማለትም ደብዳቤውን ቁልፍ ለሌለው ሰው የማይነበብ ማድረግ፣ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ዛሬ ጉዞው በአብዛኛው የተመሰጠረ ነው። ፒያሳ ካለ ካፌ በነፃ ዋይፋይ ጂሜይላችሁን ብትከፍቱ፣ ዋይፋዩን የዘረጋው ሰው የደብዳቤውን ይዘት ማየት አይችልም። በዚህ በኩል ጂሜይልም ሆነ ፕሮቶን ያው ናቸው። የሚለያዩት ደብዳቤው ሰርቨር ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

ግቢ ውስጥ ክፍል የተከራየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። አንዱ አከራይ የእያንዳንዱን ክፍል ትርፍ ቁልፍ ይዟል። ቁልፍ ቢጠፋባችሁ ይከፍትላችኋል፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ገብቶ ይዘጋላችኋል፤ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ቢመጣም ይከፍትለታል። ሌላው አከራይ ግን ትርፍ ቁልፍ የሚባል የለውም፣ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በእናንተ ኪስ ነው። ጂሜይል፣ ያሁና አውትሉክ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ፕሮቶን ሜይልና ቱታ ሁለተኛው ዓይነት ለመሆን ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2004 ሲከፈት ለእያንዳንዱ ሰው 1 ጊጋባይት ቦታ በነፃ ሰጠ። በዘመኑ ሌሎቹ ይሰጡ የነበረው ጥቂት ሜጋባይት ስለነበር ሰው ማመን አቅቶት ነበር። ዛሬ ነፃው ቦታ ከፎቶና ከድራይቭ ጋር ተጋርቶ 15 ጊጋባይት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ለብዙ ዓመታትም የጎግል ማሽኖች የደብዳቤውን ይዘት አንብበው በዚያው መሠረት ማስታወቂያ ይመርጡ ነበር። ጎግል ይህን እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ነው። ስለዚህ «ጎግል ለማስታወቂያ ሲል ደብዳቤያችሁን ያነባል» የሚለው አባባል ዛሬ ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም እንዳለ ይደግመዋል።

ያ ማለት ግን ደብዳቤው ለጎግል ዝግ ነው ማለት አይደለም። ቁልፉ እዚያው እነሱ ጋ ነው። አጭበርባሪ መልእክትና ቫይረስ ለመለየት፣ መልስ ለመጠቆም፣ የበረራ ትኬታችሁን ከደብዳቤው አውጥቶ ካሌንደር ላይ ለማስፈር ማሽኑ ይዘቱን ያያል። በሕግ ሲታዘዙም ይዘቱን ማስረከብ ይችላሉ፣ ያስረክባሉም፤ ምን ያህል የመንግሥታት ጥያቄ እንደደረሳቸው ራሳቸው በየጊዜው ያወጣሉ። ለእኔ ከደብዳቤው ይዘት ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያ አንድ የጂሜይል አካውንት በጎግል ከፈለጋችሁት፣ በዩቲዩብ ካያችሁት፣ በጎግል ማፕ ከፈለጋችሁት ቦታ ጋር በአንድ ስም ተያይዟል። ለአብዛኛው ሰው የግል ሕይወቱ ተሰብስቦ ያለው ከኢሜይሉ ይልቅ በዚህ መዝገብ ነው።

ያሁን ለብቻው ላንሣው፤ በዕድሜ ከፍ ያልን ሰዎች የመጀመሪያ አድራሻችን ያሁ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2013 በደረሰበት ዘረፋ የሁሉም ደንበኞቹ፣ ማለትም የ3 ቢሊዮን አካውንቶች መረጃ ተወስዷል። ድርጅቱ ሙሉውን ቁጥር ያመነው በ2017 ነው። በዚያ ዘመን ያሁ የነበራችሁና ያኔ የተጠቀማችሁበትን ፓስወርድ ዛሬም ሌላ ቦታ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁማችሁ ቀይሩት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን። ፕሮቶን ሜይል በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን በተዋወቁ ሳይንቲስቶች ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የቀረበ የስዊዘርላንድ አገልግሎት ነው። ቱታ፣ ቀድሞ ቱታኖታ ይባል የነበረው፣ መቀመጫው ጀርመን ሃኖቨር ነው። ሁለቱም ደብዳቤው ገና እናንተ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ እያለ ይመሰጥሩትና ሰርቨራቸው ላይ የሚያስቀምጡት የተቆላለፈውን ነው። መክፈቻው ከፓስወርዳችሁ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ፓስወርዱን ደግሞ እነሱ አያውቁትም።

ለምን እንዲህ እንደተደረገ ለመረዳት ላቫቢት የተባለውን የአሜሪካ የኢሜይል ድርጅት ማስታወስ ይጠቅማል። የአሜሪካን የስለላ ምሥጢር ያወጣው ኤድዋርድ ስኖውደን ደንበኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የላቫቢት ባለቤት ላዳር ሌቪሰን የአገልግሎቱን ዋና ቁልፍ እንዲያስረክብ በፍርድ ቤት ሲታዘዝ፣ በመጨረሻ በኦገስት ወር ድርጅቱን ዘጋው። በእጅህ ያለ ቁልፍ አንድ ቀን አምጣ መባሉ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የመጡት አገልግሎቶች መጀመሪያውኑ ቁልፉን ላለመያዝ የመረጡት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ግን ማስታወቂያቸው ጎላ አድርጎ የማይናገራቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ የተቆለፈው ይዘቱ እንጂ ፖስታው አይደለም። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደላከ ሰርቨሩ ማወቅ ግድ ነው፣ አለዚያ ደብዳቤው አይደርስም። በፕሮቶን የደብዳቤው ርዕስም ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ድርጅቱ ራሱ እንዳያነበው ሆኖ) አይመሰጠርም፤ ቱታ ርዕሱንም ይመሰጥራል። ስለዚህ ጠበቃ የሆነ ሰው ርዕሱ ላይ የደንበኛውን ስምና የክሱን ዓይነት ከጻፈ ግማሹን ምሥጢር ውጭ አስቀምጦታል፤ የፋይል ቁጥር ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ፕሮቶን በአንድ የፈረንሳይ የአየር ንብረት ተሟጋች ጉዳይ የስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ሲያዙት የተጠቃሚውን አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ውስጥ ከየት እንደገባ የሚጠቁመውን ቁጥር) መዝግቦ ሰጥቷል። ብዙ ሰው ተከዳን ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ነው የማየው፦ ድርጅቱ ያለውን ሰጠ፤ የደብዳቤዎቹን ይዘት ግን መክፈት ስለማይችል አልሰጠም። የግል ደብዳቤን መጠበቅና ማንነትን መሰወር አንድ ነገር አይደሉም። ፕሮቶን ቃል የሚገባው የመጀመሪያውን ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ምስጠራው ሙሉ የሚሆነው ላኪም ተቀባይም በዚያው አገልግሎት ሲሆኑ፣ ወይም ሁለቱም የምስጠራ ቁልፍ ሲለዋወጡ ነው። እኛ ከተማ ደግሞ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ጂሜይል ነው ብል ብዙም የምሳሳት አይመስለኝም። ወዳጄ ከፕሮቶን ለደንበኛዋ ጂሜይል የክስ ማመልከቻ ብትልክ፣ የእሷ ቅጂ ስዊዘርላንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የደንበኛዋ ቅጂ ግን ጎግል ጋ እንደማንኛውም ደብዳቤ ይቀመጣል። መላ አለው፦ ሁለቱም አገልግሎቶች ደብዳቤን በፓስወርድ ቆልፎ መላክ ይፈቅዳሉ። ተቀባዩ የሚደርሰው ሊንክ ብቻ ነው፣ ሊንኩን ከፍቶ ፓስወርዱን ሲያስገባ ያነባል። ፓስወርዱን በስልክ ደውሎ መንገር ነው እንግዲህ፤ በዚያው ኢሜይል ከላኩት ምንም አልተሠራም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ድርጅቶቹ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሰርቨሩ ሳይሆን እዚህ መንገድ ዳር የሚሆነው ነው። መናኸሪያ አካባቢ ካለ አንድ ሞባይል መሸጫ ቆማችሁ ግማሽ ሰዓት ብታዩ ይበቃል። አንዲት ወጣት ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ ማመልከቻ ኢሜይል ተጠይቃ ትመጣለች። ልጁ ስልኳን ተቀብሎ መሙላት ይጀምራል።

«እህቴ፣ ኮዱ በአንቺ ቁጥር አልገባም አለ። በእኔ ቁጥር ላውጣልሽ?»

«እሺ ወንድሜ፣ ብቻ ቶሎ በልልኝ።»

ፓስወርዱ የስሟ መጀመሪያና አንድ ሁለት ሦስት አራት ይሆናል፣ በደረሰኝ ጀርባ ተጽፎ ይሰጣታል። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዚያ አካውንት ጌታ እሱ ነው፤ «ፓስወርድ ረሳሁ» ተብሎ ሲጫን ኮዱ የሚመጣው በእሱ ስልክ ነውና። ልጅቷ ስልኳን ፎርማት ብታስደርግ ስልኩ የቀድሞውን የጎግል አካውንት ፓስወርድ ይጠይቃታል፣ ደረሰኙ የለም፣ ሱቁም ምናልባት ተዘግቷል። ፎቶዎቿ፣ የስልክ ቁጥሮቿ፣ ለሥራ የላከችው ሲቪና የትምህርት ማስረጃ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዲቪ ሲሞሉ፣ የፓስፖርት ቀጠሮ ሲያስይዙም የሚሆነው ይኸው ነው፤ አንዳንዱ ቤት በአንድ በራሱ ኢሜይል የብዙ ሰው ፎርም ይሞላል።

ቢሮዎችም አይሻሉም። አንድ «ኢንፎ» የሚል ጂሜይል ይከፈታል፣ ፓስወርዱን ጸሐፊዋ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሥራ አስኪያጁና የሥራ አስኪያጁ ወንድም ያውቁታል። የጨረታ ዋጋ ማቅረቢያ ከዚያ ይላካል። ሒሳብ ሠራተኛው ለቆ ተፎካካሪ ድርጅት ሲገባ ፓስወርዱን የሚቀይር የለም። እዚህ ቢሮ ውስጥ ፕሮቶን ቢገባ ምን ይለውጣል? ምንም። የስዊዘርላንድ ምስጠራ አራት ሰው የሚያውቀውን ፓስወርድ አያድነውም።

ስለዚህ «የትኛው አገልግሎት?» ከማለት በፊት አሁን ባላችሁ ጂሜይል ላይ መሥራት ያለባችሁ አለ። ስልካችሁ ላይ ጎግል አካውንት ውስጥ ገብታችሁ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቱ። የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩ የማን ነው? የድሮ ሲማችሁ ከሆነ ቀይሩት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። «ዩር ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ የማታውቁት ስልክ ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ አብሩ። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ብርም አይጠይቅም፤ ለአብዛኛው ሰው ደግሞ አገልግሎት ከመቀየር የበለጠ ይጠብቀዋል።

ይህን ያደረገ ሰው ነው ስለ ሁለተኛው ዓይነት አገልግሎት ቢያስብ የሚያምርበት። ዋጋ እንዳለው ግን አውቆ ይግባ። ትርፍ ቁልፍ የሌለው ቤት ነውና ፓስወርድ ሲጠፋ የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮቶን ላይ በስልክ ወይም በሌላ ኢሜይል ፓስወርድ መቀየር ትችላላችሁ፤ አካውንቱ ይመለሳል፣ የድሮዎቹ ደብዳቤዎች ግን እንደተቆለፉ ይቀራሉ። እነሱን የሚከፍተው አስቀድማችሁ ያወጣችሁት የ12 ቃላት መመለሻ ሐረግ ወይም ፋይል ነው። ቱታ ከዚህም የበለጠ ጥብቅ ነው፦ ፓስወርዱም የመመለሻ ኮዱም ከጠፋ አካውንቱ ራሱ አይገኝም፤ ደውላችሁ ብታለቅሱ የሚረዳችሁ ሰው የለም፣ ማድረግ አይችሉምና። በዓመት ሁለት ሦስቴ ፓስወርድ የሚረሳ ሰው፣ ወይም ኢሜይሉን ልጁ ወይም እህቱ የምትከፍትለት አባት፣ ዋና ደብዳቤውን እዚህ ባያደርግ እመርጣለሁ።

ቦታውም ጠባብ ነው። ነፃው ቱታ 1 ጊጋባይት ነው፣ ነፃው ፕሮቶንም ከዚያ አይበልጥም፤ ስካን የተደረገ የውል ሰነድ በየቀኑ የሚቀበል ሰው ቶሎ ይሞላበታል። ለመጨመር መክፈል ያስፈልጋል፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ በብር ካርድ ወደ ውጭ መክፈል ደግሞ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አካውንት ሲከፈትም ፕሮቶን ሰው መሆናችሁን እንድታረጋግጡ ሊጠይቅ፣ ቱታም አዲስ አካውንት ለማጽደቅ ሊያቆያችሁ ይችላል፤ ነገ ጠዋት ለሚያልቅ ማመልከቻ ዛሬ ማታ የሚከፈት አይደለም።

ታዲያ ለማን ነው? የሌላ ሰው ምሥጢር በአደራ ለያዘ። ለጠበቃ፣ የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ጤና ታካሚዎችን ለሚያማክር፣ የተደፈሩ ሴቶችን ጉዳይ ለሚከታተል፣ ምንጩን ለሚጠብቅ ጋዜጠኛ ይገባል እላለሁ፣ አጥብቄም እላለሁ። እነዚህ ሰዎች «እኔ የምደብቀው የለኝም» ማለት አይችሉም፤ የሚጠብቁት የራሳቸውን አይደለምና። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 ደብዳቤንም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም የማይደፈር ብሎታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ በእጁ የያዘ አካል እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። አዋጁን አንብቦ በአንድ ቢሮ ውስጥ ተግባራዊ ማድረግ ከባድ መስሎ ለሚታየው፣ የተመሰጠረ ኢሜይል አንድ ሊጨበጥ የሚችል መጀመሪያ ነው።

ለወዳጄ ያልኳት ጂሜይሏን እንዳትዘጋ ነው። ባንኩ፣ ግብሩ፣ ማኅበራዊው፣ ያን አድራሻ የያዘው ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ ዘግታ ብትሄድ የሚጠፋባት ብዙ ነው። ሁለተኛ ሳጥን በፕሮቶን ለደንበኞች ጉዳይ ብቻ ከፈተች። ዋናው ፍሬ የተገኘው ግን አብረዋት የሚሠሩትን ሌላ ጠበቃና ጉዳይ ተከታታዩን ያንኑ አገልግሎት እንዲከፍቱ ስታሳምን ነው፤ ሦስቱ እርስ በርስ የሚጻጻፉት አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፣ ማንም ምንም ተጨማሪ ነገር ሳይነካ። ብቻውን ፕሮቶን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ አንድ ቢሮ ተስማምቶ ሲከፍት ነው ነገሩ ትርጉም የሚኖረው። አድራሻውን በቃል ስትሰጡ ግን አስጽፉና አስነብቡ፤ ሰው ከልምድ መጨረሻውን «ጂሜይል ዶት ኮም» ያደርገዋል።

ቴሌግራምን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሀዋሳ ውስጥ ከኢሜይል ይልቅ ሰነድ የሚሄደው በቴሌግራም ነው። ተራው የቴሌግራም ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፣ ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚከፍት ሰው እምብዛም አላየሁም። በጥንቃቄ በቱታ የላካችሁትን ሰነድ ተቀባዩ «አልከፍት አለኝ፣ በቴሌግራም ላክልኝ» ሲላችሁ የሚሆነውን ገምቱት። በዚህ በኩል ዋትስአፕ ይሻላል፣ ቻቱ ሳትጠይቁት የተመሰጠረ ነውና።

ሳጥኑን የከፈተ ሰው የመጀመሪያ ሥራው 12ቱን ቃላት ወይም የመመለሻ ኮዱን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። የቱታው 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አድካሚ ቢሆንም ጻፉት፣ ከጻፋችሁም በኋላ አንድ በአንድ አመሳክሩት። ስክሪንሾት አታንሡ፤ ፎቶው በዚያው ደቂቃ ወደ ጎግል ፎቶ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ከጎግል ያሸሻችሁት ደብዳቤ መክፈቻው ጎግል ጋ ሆነ ማለት ነው። ወረቀቱን ከቤት ካርታውና ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡት። በተጨማሪም ነፃ ሳጥን ከፍታችሁ አትርሱት፦ ቱታ 6 ወር ያልተገባበትን ነፃ አካውንት ይሰርዛል፣ ፕሮቶን አንድ ዓመት ይታገሣል፣ ጎግልም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ 2 ዓመት ያልተነካ አካውንትን ከነፎቶውና ከነደብዳቤው መሰረዝ ጀምሯል።